ሰጎንን ማን አይቶ ሳላት? ከባስራ እስከ ጋፋት የተጓዘች ወፍ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሂጅራ ካላልኩ በስተቀር የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢማም ነወዊን «ሚንሃጅ» የቀራ ደረሳ ሐጅ ባብ ላይ ሲደርስ አንድ አጭር ብይን ያገኛል። በኢሕራም ላይ ያለ ሰው ሰጎን አድኖ ከገደለ ክፍያው ግመል ነው። መነሻው ሱረቱል ማኢዳ 95ኛው አንቀጽ ነው፤ በኢሕራም ላይ ሆኖ አውሬ የገደለ ሰው የገደለውን የሚመስል የቤት እንስሳ እንዲከፍል፣ «ይመስላል» የሚለውንም ሁለት ፍትሐዊ ሰዎች እንዲፈርዱ ያዝዛል። ዑመር፣ ዑስማን፣ ዐሊይ፣ ኢብኑ ዐባስና ሌሎችም ሰሓቦች ረዲየላሁ ዐንሁም ሰጎንን ከግመል ጋር አመሳስለው መፍረዳቸው ተላልፏል።

እስቲ አስቡት። ፈራጆቹ ወፍን ከወፍ ጋር አላመሳሰሉም። ዶሮ ወይም ዳክዬ አላሉም። ግመል አሉ። ይህን ለመፍረድ ሰጎንን በዓይን ማየት ያስፈልጋል፤ ረጅም አንገቷን፣ ሰፊ እግሯን፣ በረሃ ላይ አረማመዷን። ፋርሶችም «የግመል ወፍ» ይሏታል፤ ሳይንሱ የሰጣት የላቲን ስምም ውስጡ ግመል አለበት። ብይኑ የቆመው በማየት ላይ ነው።

የእኛ ደረሳ ግን ሰጎን አይቶ አያውቅም። ደብረ ታቦር፣ ጋይንት፣ እስቴ ደጋ ነው፤ ሰጎን ደግሞ የቆላ ሜዳ ወፍ ናት። ሸኹ ያብራሩለታል፤ እሱም በሐሳቡ ይስላታል። ምን ብሎ እንደሚስላት አላህ ይወቅ። ጓደኛዬ ልጅ ሆኖ ክንፍ ያለው ግመል ይታየው እንደነበር ነግሮኛል።

የሚገርመው ወፏ በማትኖርበት በዚህ ደጋ እንቁላሏ መኖሩ ነው። በደቡብ ጎንደር የሚገኙ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናትን ጉልላት ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ በመስቀሉ ጫፎች ላይ ነጫጭ የሰጎን እንቁላሎች ተሰክተው ታያላችሁ። ሰጎን እንቁላሏን ዓይኗን ሳትነቅል በማየት ትፈለፍላለች የሚል የቆየ እምነት አለ፤ የንቃት ምሳሌ አድርገው ነው የሚሰቅሉት። በእኛም በኩል የሰጎን እንቁላል እንግዳ አይደለም። በኢስታንቡል ታላላቅ መስጂዶች ከመብራት ማንጠልጠያዎቹ መሐል የሰጎን እንቁላል ይሰቀል ነበር፤ ሸረሪት እንዳያደራ ይከላከላል ይባላል። ይከላከል አይከላከል ሌላ ጉዳይ ነው። አንዱ እንቁላል ግን ወደ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ፣ ሃያ አራት ያህል የዶሮ እንቁላል የሚያክል ዕቃ ነው፤ ከቆላ ተነሥቶ ሳይሰበር ደጋ የሚደርሰው በጥንቃቄ ተጭኖ ነው። በዚያ ዘመን የደጋው የረጅም መንገድ ንግድ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ እንደነበረ፣ ከደብረ ታቦር ብዙም የማትርቀው ደሪጣም የነጋዴ ሙስሊሞች ከተማ እንደነበረች ታሪክ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ሰጎን ራሷ ሳትመጣ እንቁላሏና ላባዋ በቅሎ ላይ ተጭነው መጥተዋል።

ወፏ በማትደርስበት አገር ያለ ሰው ሰጎንን የሚያውቅበት ሌላው መንገድ ኪታብና ሥዕል ነው። ሕይወት ያለውን ነገር ስለመሳል ዑለማዎቻችን የተናገሩት የታወቀ ነው፤ እዚህ ፈትዋ ልሰጥ አልተነሣሁም። የተፈጸመውን ታሪክ ነው የምጽፈው።

ከባስራ እንጀምር። ዐምር ኢብኑ በሕር አል-ጃሒዝ በ255 ሂጅራ፣ ማለትም በ868 ወይም 869 ነው ያረፈው። ሙዕተዚላ ስለነበረ በዐቂዳ ጉዳይ የአህሉ ሱና ዑለማዎች ተችተውታል፤ ያንን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። «ኪታቡል ሐየዋን» ግን በእንስሳት ላይ የተጻፈ ታላቅ ሥራ ነው፤ ሰባት ጥራዝ። ስለ ሰጎን ሲጽፍ የዐረቦችን ተረት፣ ግጥምና ወሬ ይሰበስባል፤ ሰብስቦ ግን ዝም አይልም፣ ይመረምራል።

ሰጎን ፍም እሳት ትውጣለች የሚል ወሬ ነበር። ጃሒዝ ከመምህሩ ከኢብራሂም አን-ነዟም የሰማውን ይነግረናል። ነዟም ፍም ስትውጥ ያየ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄ ተነሣ፤ ፍም ቀላል ነገር ነው፣ እርጥበት ሲነካው ቶሎ ይጠፋል፤ ሙቀት የሚይዝ ነገር ቢሰጣትስ? ድንጋይ በእሳት አግለው ጣሉላት፤ ዋጠች። ከዚያ ብረት መጣ። በኋላ በቦታው የነበረ ሰው ትንሽ ቢላዋ አግሎ ወረወረላት። ዋጠችው፤ የቢላዋው ጫፍ ጉሮሮዋን ቀዶ ወጣና ሞተች። ጃሒዝ የሚቆጨው ሰውዬው በአላዋቂነቱ ምርመራውን ስላቋረጠው ነው። በዛሬ ዓይን ለወፏ የጭካኔ ሥራ ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ አልጻፍኩትም። ነገር ግን በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ወሬ ሰምተው «እስቲ እንየው» ያሉ ሰዎች እንደነበሩ ያሳያል። ያኔ ደግሞ ስለ ሰጎን የሚወራው ብዙ ነበር፤ ዛሬም ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች እያልን አይደል የምንኖረው? አትቀብርም። እንቁላሏን ለማገላበጥ ስታጎነብስ ከሩቅ ያየ ሰው የተቀበረ ይመስለዋል።

ከጃሒዝ አምስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ በመምሉኮች ግዛት የዚህ ኪታብ አንድ ቅጂ በሥዕል ታጅቦ ተዘጋጀ። ሙሉው አልተረፈም። የቀረው ክፍል ዛሬ ጣሊያን ሚላኖ፣ አምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከሥዕሎቹ ሁሉ ይበልጥ የምትታወቀው አንዲት ሰጎን ናት፤ ገጹን ሞልታ እንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣለች። እንቁላሎቹ ከሥሯ ተደርድረው ይታያሉ። አንገቷ እንደ ቅርጫት እጀታ ተቀልብሷል።

ሠዓሊው ማን ነው? አይታወቅም። ሰጎን በዓይኑ አይቶ ይሁን ከሌላ ሥዕል ገልብጦ፣ ገጹ አይናገርም። በእኛ ሰፈር አንዳንድ ገጾች ሁሉን ነገር ሙስሊሞች ፈለሰፉት የሚል ጽሑፍ ሲለጥፉ አያለሁና እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። ይህች ሥዕል የሳይንስ ሥዕል አይደለችም። ውብ ናት፤ ላባው ግን ጌጥ ነው፣ እግሩም በትክክል አልተቆጠረም ቢባል አልከራከርም። ሰጎን ሁለት ጣት ብቻ ያላት ብቸኛ ወፍ ናት፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚይዘው ሕያዋን ወፎች ፊት ለፊት ቆሞ የሚስል ሰው ነው።

ሠዓሊው ግን ትልቁን ነገር አልሳተም፤ እንቁላል ላይ የተቀመጠችን ሰጎን መርጧል። ዐረቦች ሰጎንን ሞኝ ይሏት ነበር፤ ምክንያታቸው የራሷን እንቁላል ትታ የሌላዋን ትታቀፋለች የሚል ነው። ለሺህ ዓመት እንደ ተረት ተወራ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ብራያን በርትራም የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ኬንያ ጻቮ ውስጥ ሰጎኖችን ተከታትሎ ያገኘው ነገር እነሆ፦ በአንድ ጎጆ ብዙ ሴቶች ይጥላሉ፤ የምትታቀፈው ግን ዋናዋ ሴትና ወንዱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ጥለው ይሄዳሉ። እንቁላሉ ሲበዛ ዋናዋ የራሷን ለይታ ታውቃለች፤ የሌሎቹን ወደ ጠርዝ ትገፋለች። ስለዚህ የዐረብ እረኛ ያየው እውነት ነበር። ትታ የምትሄድ ሰጎን አለች፤ የሌላዋን የምትታቀፍም አለች። ስሕተቱ ሞኝ ያላት ላይ ነው። ዓይኑ ልክ ነበር፣ ፍርዱ ቸኮለ።

አሁን ወደሚያሳዝነው ልምጣ። ሰሓቦች የፈረዱባት፣ ጃሒዝ የጻፈባት፣ ምናልባትም የመምሉኩ ሠዓሊ የሳላት የዐረቢያ ሰጎን ዛሬ የለችም። ለብዙ ሺህ ዓመት በዐረቢያ በረሃ፣ በሻምና በኢራቅ ጠርዝ ኖራለች። ፈረሰኛ በጦር ሲያድናት ትተርፍ ነበር፤ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ እግር አላት። ጠመንጃና መኪና ሲመጡ አልቻለችም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ፈጽማ ጠፋች። አሁን በሳዑዲ ጥብቅ ስፍራዎች የተለቀቁት ሰጎኖች ከሰሜን አፍሪካ ዘር የመጡ የቅርብ ዘመዶቿ ናቸው።

መብረር የማይችል ወፍ ሲጠፋ ሥዕል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ደግሞ ወደ ሕንድ እንሻገር። መንገዳችን ወደ ጎንደር የሚመለሰውም በዚያው ነው።

የሙጋሉ ንጉሥ ጀሃንጊር ከ1605 እስከ 1627 ነግሷል። ብዙ ጉድለት የነበረበት ንጉሥ ነው፤ መጠጥ ይወድ እንደነበር ራሱ ጽፏል። እንግዳ እንስሳ ሲመጣለት ግን ያስለካል፣ ያስመዝናል፣ ልማዱን በማስታወሻው ይጽፋል፣ ሠዓሊም ጠርቶ ያስቀርጸዋል። ለዚህ ሥራ የሚታመነው ኡስታዝ መንሱር ነበር፤ ንጉሡ «ናዲሩል ዐስር» ማለትም የዘመኑ ብርቅ የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል።

በ1030 ሂጅራ፣ በ1621 መሆኑ ነው፣ ከሐበሻ ምድር አንድ የሜዳ አህያ መጣለት። ሰዎች ጥቁርና ነጩን ግርፍ ሲያዩ ቀለም የተቀባ መሰላቸው። በደንብ መረመሩት፤ ተፈጥሮው ነበር። መንሱር ሳለው። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ጠርዙ ላይ ከሐበሻ እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣውና ማን እንደሳለው በጀሃንጊር የእጅ ጽሑፍ ተመዝግቧል። ልብ በሉ፤ የእንስሳው አገር፣ ያመጣው ሰው፣ የሠዓሊው ስም፣ ዓመቱ። አንድ የተፈጥሮ ሥዕል ሊያሟላ የሚገባው ይህንን ነው።

እግረ መንገዴን ሌላ ሥዕል ላንሣ። ያው ጀሃንጊር የሐበሻውን ማሊክ አምባርን ማሸነፍ አቅቶት ነበር። ማሊክ አምባር ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ በደቡብ ሕንድ የአሕመድነገር መሪ እስከመሆን የደረሰ ሙስሊም ጀግና ነው። ንጉሡ ምን አደረገ? አቡል ሐሰን የተባለውን ሠዓሊ አዝዞ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ አሳለ። ያልሆነ ነገር ነው። አምባር በ1626 በዕድሜው ነው የሞተው፤ ማንም አልቆረጠውም። አንድ ቤተ መንግሥት ለእንስሳ እውነቱን፣ ለጠላት ምኞቱን ሣለ። ሥዕል ስታዩ ምን ፈልጎ ተሣለ ብላችሁ ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ወፋችን ስንመለስ፣ በ1625 አካባቢ ከተሣለ አንድ የሙጋል ገጽ ላይ አምስት ዓይነት ወፎች አሉ። በመሐል ያለችው ዶዶ ናት። ሥዕሉ የሠዓሊ ፊርማ የለውም፤ ሊቃውንት ለመንሱር ይሰጡታል። ዛሬ ሩስያ ሴንት ፒተርስበርግ ይገኛል። ዶዶ በሞሪሸስ ደሴት ብቻ የነበረች፣ መብረር የማትችል፣ ከርግብ ወገን የሆነች ትልቅ ወፍ ነበረች። የደች መርከበኞች በ1598 ደሴቲቱ ላይ ደረሱ። ከእነሱ ጋር አይጥ፣ አሳማና ዝንጀሮ ገባ። መሬት ላይ የሚጣል እንቁላል አለቀ። ብዙዎች የሚቀበሉት የመጨረሻ የዓይን ምስክርነት በ1662 ነው። ከመገኘት እስከ መጥፋት አንድ የሰው ዕድሜ እንኳ አልሞላም።

በአውሮፓ ዶዶን ዝነኛ ያደረገው ሮላንት ሳቬሪ ነው። የእሱ ዶዶ ወፍራም፣ ሆዷ መሬት የሚነካ፣ የምታስቅ ናት፤ ሰው የሚያውቃትም እንደዚያ ነው። የመንሱር ግን ቀጭን ናት፣ ቆማ ትሄዳለች፣ አካባቢዋ ያሉት ወፎች ሁሉ የሚታወቁና በትክክል የተሣሉ ናቸው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ፒተር ሙንዲ በሱራት ሁለት ዶዶ እንዳየ ጽፏል፤ ስለዚህ ሕያው ወፍ ሕንድ መድረሱ ወሬ አይደለም። ዛሬ የዶዶን መልክና ቀለም የሚመረምሩ ሰዎች ከሳቬሪ ይልቅ ወደዚህ ሥዕል ይሄዳሉ። ከዶዶ አካል በቆዳው የተረፈው አንድ ራስ ኦክስፎርድ አለ፤ ሌላው አጥንት ነው። አጥንት ደግሞ ቀለም የለውም። በሕይወት እያለች ፊቷ ቆሞ ብሩሽ የያዘው ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ቀለም አብሯት ይቀበር ነበር።

የሜዳ አህያው ነገር በዚያ አላበቃም። ከ40 ዓመት በኋላ የአፄ ፋሲል መልእክተኞች ከጎንደር ተነሥተው ወደ ጀሃንጊር የልጅ ልጅ ወደ አውረንግዜብ ዘንድ ሄደዋል። አንደኛው ሙራድ የተባለ አርመናዊ፣ ሁለተኛው ሲዲ ካሚል የተባለ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ይዘውት የተነሡት የሜዳ አህያ መንገድ ላይ ሞቶ ቆዳው ነው የደረሰው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ በርኒየ አይቶት አድንቋል። እንስሳው ከእኛ አገር ወጣ፤ ስለ እንስሳው የተጻፈውና የተሣለው ግን እዚያ ቀረ።

ወደ ጎንደር ቀለም ይዞ የመጣው እንግዲህ ማን ነው? ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ሲገባ የተቀበለው የከተማው ሙስሊሞች አለቃ ነጋድራስ መሐመድ ነበር። ብሩስ ብቻውን አልመጣም። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ አብሮት ነበር፤ ለሥዕል ሥራ የተቀጠረ። ዕፀዋቱን፣ ወፎቹን፣ እንስሳቱን የሚስለው እሱ ነበር። ባሉጋኒ እዚሁ ጎንደር ሞተ። ብሩስ አገሩ ገብቶ በ1790 አምስት ጥራዝ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሥዕሎቹን የራሱ እጅ ሥራ አስመሰላቸው። ባሉጋኒ ከግዮን ምንጭ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሰውዬው ግን አብሮት ሄዶ ነበር። ሥዕሎቹ አሁን አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ የማን እጅ እንደሆኑ ታውቋል። የባለሙያ አማና ሲበላ እንዲህ ነው። ጀሃንጊር ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ የሠዓሊውን ስም በእጁ ጻፈ፤ ብሩስ ምሁር ነኝ ብሎ ሰረዘው።

ብሩስ በመጨረሻው ጥራዝ ከሳላቸው ወፎች ሰጎን የለችም። እርኩም ግን አለች። ስሟን በአማርኛው አጠራር ነው የጻፈው፤ በሌላው አካባቢ «አባ ጉምባ»፣ በሰናር ድንበር ደግሞ በዐረብኛ የዕጣ ፈንታ ወፍ እንደሚሏት ጨምሯል። እርኩምን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ትልቅ ጥቁር ወፍ፣ ምንቃሯ ከባድ፣ ቀኑን ሙሉ በእግር የምትውል፣ ስትገፋ ብቻ የምትነሣ። ከሰጎን ጋር ዝምድና የላትም፤ መብረርም ትችላለች። ለደጋው ሰው ግን «የሚራመድ ወፍ» ቢባል የሚያውቀው እሷን ነው። እነዚያን ሦስት ስሞች ለብሩስ የነገሩት ገበሬዎች፣ አዳኞችና ነጋዴዎች ማን ይባሉ ነበር? መጽሐፉ አይልም።

ጋፋት የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ይህች ኮረብታ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የአውሮፓ ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩባት ናት፤ ሴባስቶፖል መድፍ የተቀለጠባት። ሁላችንም ስለ መድፉ ሰምተናል። ከንጉሡ አውሮፓውያን መሐል ግን ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር፤ በ1847 መጥቶ መጀመሪያ ደጃዝማች ውቤን፣ በኋላ ቴዎድሮስን አገለገለ። ከመቅደላ በ1868 ተፈትቶ በዚያው ዓመት ሞተ። ሠዓሊ ሆኖ መጥቶ ንጉሡ ለሚፈልገው የግንባታና የመሣሪያ ሥራ የዋለ ሰው ነው። ብሩሽ እያለ መዶሻ ነበር የሚፈለገው።

በ1862 በዚሁ መንገድ ቴዎዶር ፎን ሆይግሊንና የዕፀዋት ሊቁ ሄርማን ሽቶይድነር አለፉ፤ ከጎንደር ተነሥተው በደብረ ታቦር በኩል ወደ ቴዎድሮስ ሰፈር። ሆይግሊን የተላከው ሌላ ቦታ ነበር፤ መካከለኛው አፍሪካ የጠፋ ጀርመናዊ እንዲፈልግ። ወደ ሐበሻ በመታጠፉ የጉዞውን መሪነት ነጠቁት። ሽቶይድነር በዓመቱ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሚባለው አገር በትኩሳት ሞተ። ሆይግሊን ግን ከ1869 ጀምሮ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች የያዘ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ የቀለም ሥዕሎቹ ከራሱ እጅ የተነሡ ናቸው። በዚያ መጽሐፍ ሰጎንም ቦታዋን አግኝታለች፤ ወፎቹንም ሕዝቡ በሚጠራቸው ስም ጭምር መመዝገብ ልማዱ ነበር። ልዩነቱን አያችሁ? አይቶ፣ ሣለ፣ ስሙን ጠየቀ።

ጋፋት ካልኩ አይቀር፣ ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። ጋፋት የአንድ ሕዝብና የቋንቋው ስምም ነው። ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ወስዷል፤ ጽሑፉ ኦክስፎርድ አለ። በ1940ዎቹ የቋንቋ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው ሲፈልግ ተናጋሪ ሆነው ያገኛቸው በጣት የሚቆጠሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ዛሬ የሚናገረው የለም። የዶዶ ራስና የጋፋትኛ ገጽ በአንድ ከተማ መቀመጣቸው አጋጣሚ ነው፤ እኔን ግን ዝም አሰኝቶኛል።

አሁን ስለ ራሳችን ሰጎን ልጨርስ። በርሊን የነበረው አንቶን ራይሽኖው በ1883 የሶማሌን ሰጎን ለይቶ ሲገልጻት የሰጣት የሳይንስ ስም «እርሳስ መሳይ» ማለት ነው። የወንዱ አንገትና ጭን እንደ ሌላው ሰጎን ቀላ ያለ ሳይሆን ግራጫ ሰማያዊ ነው፤ በመራቢያ ወቅት ሰማያዊው ይደምቃል። ለረጅም ዘመን የአንድ ዓይነት ወፍ ቅርንጫፍ ተብላ ቆየች፤ በ2014 ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ በዓለም አቀፉ መዝገብ ሰፈረች፤ «ለአደጋ የተጋለጠች» ከሚለው ማዕረግ ጋር። አደን አለ፣ እንቁላል መሰብሰብ አለ፣ የሜዳው መጥበብ አለ። ሶማሌዎች ጎራዮ፣ ኦሮሞዎች ጉቺ ይሏታል። የምትኖረው አዋሽ ፓርክ ውስጥ፣ አሊደጌ ሜዳ ላይ፣ በአፋርና በኦጋዴን ቆላ ነው፤ ማለትም በአብዛኛው ሙስሊም አርብቶ አደሮች ግመል በሚያሰማሩበት ምድር። ሰሓቦች ያመሳሰሏቸው ሁለቱ እንስሳት ዛሬም አንድ ሜዳ ላይ ይውላሉ።

ባለፈው ዓመት ወደ ጅቡቲ መንገድ ስትሄዱ ያያችሁ ካላችሁ፣ ርቀት ላይ ጥቁሩ ወንዱ ነው፣ ቡናማዋ ሴቷ። ቀን ሴቷ ትታቀፋለች፤ ቀለሟ አፈር ይመስላልና አውሬ አያያትም። ሲመሽ ጥቁሩ ይተካታል። 42 ቀን ያህል እንዲህ ይፈራረቃሉ። የአፋርና የሶማሌ እረኞች ይህን ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ ወረቀት ላይ ያስቀመጠላቸው ሰው ግን በአብዛኛው ከሌላ አገር የመጣ ነው። ሚንሃጅ የሚቀራው የደብረ ታቦር ደረሳ እስከ አሁን በሐሳቡ ነው የሚስላት፤ ከዚህ አዋሽ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ያህል ነው።

ወላሁ አዕለም።